ከብዙ ምስል አንድ ምስል፦ በጂቡቲ ከተማ ‘ኮምፖዚቲንግ’ ለመማር የሚሻ ሰው ምን ማወቅ አለበት?

ጂቡቲ ነጻነቷን ስላወጀችበት እአአ 1977 የሚተርክ ፊልም ለመሥራት የተነሳ አንድ ዳይሬክተር፣ ካሜራውን ወደ ወደቡ ሲያዞር የሚገጥመው ችግር አስቀድሞ የታወቀ ነው። ከአድማሱ ላይ ኮንቴይነር የሚያነሱ ግዙፍ ክሬኖች ተሰልፈው ይታያሉ። የዶራሌ የኮንቴይነር ተርሚናል ሥራ የጀመረው ግን እአአ በ2009 ነው። ክሬኖቹን ከቦታቸው ማንሳት አይቻልም። ካሜራውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ማዞር ደግሞ ባሕሩን ማጣት ይሆናል።

መፍትሔው የሚገኘው ከቀረጻው በኋላ፣ ኮምፒውተር ላይ ነው። አንድ ባለሙያ ክሬኖቹን ከእያንዳንዱ ፍሬም ያጠፋል፤ በቦታቸው ሰማይና ባሕር ይተካል፤ ምናልባትም የዘመኑን መርከብ ከአድማሱ ላይ ያኖራል። ተመልካቹ ይህ መደረጉን ካላወቀ ሥራው ተሳክቷል ማለት ነው። ይህ ሙያ ‘ኮምፖዚቲንግ’ ይባላል። በተለያየ ጊዜና ቦታ የተገኙ ምስሎችን በአንድ ካሜራ፣ በአንድ ቅጽበት የተቀረጹ እስኪመስሉ ድረስ የማዋሐድ ጥበብ ነው።

ጂቡቲ ለካሜራ እንግዳ አይደለችም። ፈረንሳዊቷ ክሌር ደኒ እአአ በ1999 ለእይታ የበቃውን ‘ቦ ትራቫይ’ የቀረጸችው በዚያው ነው። ትውልደ ጂቡቲ የሆነችው ሉላ አሊ ኢስማኢል እአአ በ2017 ባቀረበችው ‘ዳሊንያሮ’ የሦስት የከተማዋን ወጣት ሴቶች ሕይወት አሳይታለች። ትውልደ ሶማሊያዊው ፊንላንዳዊ ካዳር አይደሩስ አሕመድ ደግሞ የቀብር ቆፋሪውን የጉሌድን ታሪክ በጂቡቲ ከተማ ቀርጾ፣ እአአ በ2021 በፌስፓኮ የፊልም ፌስቲቫል ከፍተኛውን ሽልማት ወስዷል። ይህ የመጨረሻው ፊልም የፊንላንድ፣ የጀርመንና የፈረንሳይ ትብብር ውጤት ነው።

ከተማዋ መልኳን ለፊልም ታውሳለች። የሚነሳው ጥያቄ ከቀረጻ በኋላ ባለው ሥራ ላይ የከተማዋ ወጣቶች እጅ ሊኖርበት ይችላል ወይ የሚለው ነው። መሣሪያዎቹ በአብዛኛው በነጻ የሚገኙ በመሆናቸው፣ መልሱ ከዚህ በፊት ከነበረው ይልቅ ዛሬ ወደ ‘አዎ’ የቀረበ ነው። መንገዱ ግን አጭርም፣ አደጋ የሌለበትም አይደለም።

ሙያው ከየት መጣ?

ምስልን ከምስል ጋር ማዋሐድ ከኮምፒውተር ዘመን እጅግ ይቀድማል። ፈረንሳዊው ጆርጅ ሜሊዬስ እአአ በ1898 በሠራው አጭር ፊልም የገዛ ራሱን ጭንቅላት ደጋግሞ እያነሳ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ ይታያል። ምስጢሩ ያው አንድ ፊልም በጥቁር መደብ ፊት ተደጋግሞ መቀረጹ ነበር።

እአአ በ1940 በወጣው ‘የባግዳድ ሌባ’ ላሪ በትለር ተዋንያኑን በሰማያዊ መደብ ፊት ቀርጾ፣ ሰማያዊውን በሌላ ምስል የመተካትን ዘዴ ተጠቀመ። ፔትሮ ቭላሆስ ይህንኑ ዘዴ እአአ በ1959 ለቀረበው ‘ቤን ሁር’ አሻሻለው። ዛሬ በየስቱዲዮው የሚሰቀለው አረንጓዴ ጨርቅ የዚያ ዘር ነው። አረንጓዴ የተመረጠበት አንዱ ምክንያት፣ የአብዛኞቹ ዲጂታል ካሜራዎች የብርሃን መቀበያ ለአረንጓዴ የሚመድበው ቦታ ለቀይ ወይም ለሰማያዊ ከሚመድበው እጥፍ በመሆኑ ነው።

ኮምፒውተር ሲመጣ ለሙያው መሠረት የሆነው ግኝት ‘አልፋ ቻናል’ ነው። ኤድ ካትመልና አልቪ ሬይ ስሚዝ በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ መጠኖች ጎን አንድ አራተኛ ቁጥር እንዲጨመር አደረጉ። ይህ ቁጥር እያንዳንዱ ነጥብ፣ ማለትም ፒክስል፣ ምን ያህሉ በምስሉ እንደተሸፈነ ይናገራል። ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ ደግሞ እአአ በ1984 ባሳተሙት ጥናት፣ በአልፋ አማካይነት ምስሎች የሚዋሐዱበትን ሒሳብ ደነገጉ። ዛሬም ሁሉም ሶፍትዌሮች የሚሠሩት በዚሁ ሒሳብ ነው።

ኖድ ምንድን ነው? ለምንስ ተመረጠ?

የምስል ማቀናበሪያ ሶፍትዌሮች በሁለት ይከፈላሉ። እንደ አፍተር ኢፌክትስ ያሉት ምስሎችን እንደ ምንጣፍ አንዱን በሌላው ላይ ይደረድራሉ። ይህ ለአጭር ማስታወቂያና ለጽሑፍ እንቅስቃሴ ምቹ ነው። ሠላሳና አርባ ምስሎች ሲደራረቡ ግን የትኛው ለውጥ የትኛውን እንደነካ ለማወቅ ያስቸግራል።

ሁለተኛው መንገድ የኖድ መንገድ ነው። እያንዳንዱ ኖድ አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ ትንሽ ሳጥን ሲሆን፣ አንዱ ምስል ያነባል፣ ሌላው ያደበዝዛል፣ ሦስተኛው ቀለም ያርማል፣ አራተኛው ሁለት ምስሎችን ያዋሕዳል። ሳጥኖቹ በመስመር ይያያዛሉ፤ ምስሉም በመስመሮቹ ውስጥ ይፈስሳል።

ለቀጠናው አንባቢ ከአዋሽ ወንዝ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። አዋሽ ከኢትዮጵያ ደጋ ተነስቶ ከሰምን፣ ቦርከናንና ሚሌን የመሳሰሉ ገባሮችን እየተቀበለ ይወርድና፣ ባሕር ሳይደርስ በኢትዮጵያና በጂቡቲ ድንበር ላይ በሚገኘው የአቤ ሐይቅ ያበቃል። የኖድ ካርታም እንዲሁ ነው። የተዋናዩ ምስል አንድ ገባር፣ የሰማዩ ሌላ ገባር፣ የመርከቡ ሦስተኛ ገባር ሆነው ወደ አንድ ይገናኛሉ። በመጨረሻው ላይ ውሃው ደፍርሶ ከተገኘ፣ ባለሙያው ወደ ላይ እየወጣ የትኛው ገባር እንዳደፈረሰው ይመረምራል። ያንን ብቻ ያስተካክላል፤ የቀረው እንደነበረ ይቆያል።

ሌላው ጥቅም የመጀመሪያው ምስል አለመነካቱ ነው። ዳይሬክተሩ ከሦስት ሳምንት በኋላ “መርከቡ ይቅር” ቢል፣ አንድ መስመር ማላቀቅ ይበቃል።

የትኛውን ሶፍትዌር መምረጥ ይሻላል?

በትልልቅ የፊልም ስቱዲዮዎች ዘንድ ዋነኛው ‘ኑክ’ ነው። እአአ በ1993 በአሜሪካው ዲጂታል ዶሜይን ውስጥ ለኩባንያው የራሱ ሥራ ተፈጠረ፤ ከ2007 ጀምሮ የብሪታኒያው ፋውንድሪ ይዞታል። ሙሉ ፈቃዱ ውድ ነው። ሆኖም ለንግድ የማይውል ነጻ እትም አለው። የዚህ እትም ውጤት ከ1920 በ1080 ፒክስል አይበልጥም፤ ለተማሪ ግን ከበቂ በላይ ነው።

‘ፊውዥን’ በብላክማጂክ ኩባንያ እአአ በ2014 የተገዛ ሲሆን፣ ከ2018 ወዲህ በዳቪንቺ ሪዞልቭ ውስጥ ይገኛል። ነጻ እትሙ ቪዲዮ ቆርጦ ለመቀጠል፣ ቀለም ለማረምና ድምፅ ለማስተካከልም ያገለግላል። ሠርግና ማስታወቂያ እየሠራ ለመኖር ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ብልጫ ነው። ጉዳቱ ጥሩ የግራፊክስ ካርድ መጠየቁ ነው።

‘ብሌንደር’ ሙሉ በሙሉ ነጻና ክፍት ነው። ባለሦስት አውታር ምስል ለመሥራት የሚታወቅ ቢሆንም፣ እአአ ከ2006 ጀምሮ በኖድ የሚሠራ የኮምፖዚቲንግ ክፍል አለው። በዚህ ሶፍትዌር የተሠራው የላትቪያው ‘ፍሎው’ እአአ በ2025 በምርጥ የአኒሜሽን ፊልም ዘርፍ ኦስካር መውሰዱ፣ ነጻ መሣሪያ ለትልቅ ሥራ አይበቃም የሚለውን አስተያየት ውድቅ አድርጓል።

‘ናትሮን’ በፈረንሳዩ የምርምር ተቋም ኢንሪያ የተወለደ፣ እርሱም ነጻና ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። አሠራሩ ኑክን ስለሚመስል፣ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ተምሮ በኋላ ወደ ኑክ ለመሻገር ይጠቅማል። እድገቱ ግን ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ቀርፋፋ ነው።

ከአራቱ በአንዱ መጀመር ይበቃል። የኖዶቹ ስም ይለያያል እንጂ ከበስተጀርባ ያለው አስተሳሰብ አንድ ነው።

ከምን ይጀመራል?

ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት ከፍንዳታና ከእሳት ሲጀምሩ ነው። የሙያው ፊደል ግን ሁለት ምስሎችን በትክክል ማዋሐድ ነው።

የፖርተርና የደፍ ሒሳብ ይህን ይላል፦ ከላይ የሚቀመጠውን ምስል ውሰድ፤ ከበስተጀርባው ምስል ላይ ደግሞ በላይኛው ያልተሸፈነውን ድርሻ ብቻ ጨምርበት። ለምሳሌ በተዋናዩ ጠጉር ዳር ላይ ያለ አንድ ፒክስል ሩቡ ብቻ በጠጉር ተሸፍኗል እንበል። አልፋው 0.25 ነው። የጠጉሩ የብርሃን መጠን፣ በአልፋው አስቀድሞ የተባዛው፣ 0.2 ቢሆንና የሰማዩ 0.4 ቢሆን፣ የሰማዩ ሦስት አራተኛ 0.3 ስለሚሆን ድምሩ 0.5 ይመጣል። ተማሪው ባለማወቅ የተባዛውን ምስል ዳግመኛ በአልፋ ቢያባዛው ግን 0.2 ወደ 0.05 ይወርድና ድምሩ 0.35 ይሆናል። በጠጉሩ ዙሪያ ጥቁር መስመር የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙዎች ይህን መስመር በማደብዘዝ ሊሸፍኑት ይሞክራሉ፤ ስሕተቱ ግን የሒሳብ እንጂ የመልክ አይደለም።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ብርሃን ነው። በተለመደው የምስል ፋይል ውስጥ 0.5 ተብሎ የተጻፈ ቁጥር የብርሃኑ ግማሽ ማለት አይደለም። ቁጥሮቹ ለሰው ዓይን አመለካከትና ለስክሪን እንዲመቹ የተሠሩ በመሆናቸው፣ ትክክለኛው የብርሃን መጠን 0.21 ገደማ ነው። ስለዚህ ምስሎች ከመዋሐዳቸው በፊት ወደ እውነተኛ የብርሃን መጠን፣ ባለሙያዎች ‘ሊኒየር’ ወደሚሉት፣ መመለስ አለባቸው። አለዚያ የተደበዘዘ መብራት አመድ የነካው ይመስላል።

ሦስተኛው ሮቶስኮፒንግ ነው። በተዋናዩ ወይም በዕቃው ዙሪያ መስመር እየሳሉ፣ በየፍሬሙ እያስተካከሉ መለየት ማለት ነው። አድካሚ ነው፤ ነገር ግን ዓይንን የሚያሠለጥን እንደ እርሱ የለም። ልምድ ያላቸው ሰዎች አንድን ሰው በአንድ መስመር አይከብቡም። ጭንቅላቱን፣ ክንዱን፣ እጁን፣ እግሩን ለየብቻ ይሥላሉ። እያንዳንዱ አካል በራሱ አቅጣጫ ስለሚንቀሳቀስ ሥራው በዚህ መንገድ ይቀልላል።

አራተኛው አረንጓዴውን መደብ ማንሳት ነው። ጂቡቲ ውስጥ ይህ ትምህርት የሚጀመረው ከኮምፒውተሩ ሳይሆን ከጨርቁ ነው። በቀትር ፀሐይ የተወጠረ አረንጓዴ ጨርቅ ብርሃኑን በተዋናዩ ፊትና ትከሻ ላይ መልሶ ያንጸባርቃል፤ ነፋስ ሲነካው ደግሞ እየተጨማደደ ጥላ ይሠራል። ተዋናዩን ከጨርቁ ጥቂት ሜትር ማራቅ፣ ጨርቁን በጥላ ሥር መወጠርና በማለዳ ወይም በማምሻ መቅረጽ፣ ኮምፒውተር ላይ የሚባክኑ ብዙ ሰዓታትን ያድናል።

አምስተኛው እንቅስቃሴን መከተል፣ ማለትም ትራኪንግ ነው። ካሜራው ሲንቀሳቀስ የተጨመረው መርከብ አብሮ ካልተንቀሳቀሰ በመስታወት ላይ የተለጠፈ ይመስላል። ሶፍትዌሩ በምስሉ ውስጥ ያሉ ጎልተው የሚታዩ ነጥቦችን፣ ለምሳሌ የመስኮት ጥግ ወይም የመብራት ምሰሶ ጫፍ፣ እየተከተለ የካሜራውን ጉዞ ይለካል። ውሃ ለዚህ አይመችም፤ ማዕበሉ ዘወትር ስለሚለዋወጥ የተማሪው መልሕቅ በየብስ ላይ መሆን አለበት።

በመጨረሻ የሚመጣው ማመሳሰል ነው። የተጨመረው ዕቃ ጥቁሩ ከቀረጻው ጥቁር፣ ብዥታው ከሌንሱ ብዥታ፣ ሸካራነቱ ከካሜራው ሸካራነት ጋር ሊስማማ ይገባል። በጂቡቲ ባሕረ ሰላጤ ላይ ያለው ርጥበትና አቧራ ሩቅ ያለውን ነገር ሁሉ ያነጣዋል። በሩቅ የተቀመጠ መርከብ ጥቁር ሆኖ ከቀረ፣ ሌላው ሁሉ ቢሳካ እንኳ ተመልካቹ ያውቃል።

ሙቀት፣ መብራትና ኢንተርኔት

አንድ ፍሬም በ1920 በ1080 ፒክስል፣ ከነአልፋው በአራት ቻናል፣ በሙያው በተለመደው የ16 ቢት መጠን ሳይታመቅ ሲቀመጥ 16.6 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። በሰከንድ 24 ፍሬም ሲባዛ ወደ 400 ሜጋባይት ይጠጋል። አሥር ሰከንድ ብቻ የሚቆይ ትዕይንት ወደ አራት ጊጋባይት ይደርሳል ማለት ነው። የትዕይንቱ ሦስት ወይም አራት ገባር ምስሎች ሲደመሩ ደግሞ የተማሪው ዲስክ በአንድ ሳምንት ይሞላል።

ጂቡቲ ሲኮምን፣ ኢሲን፣ ዳሬ አንድን የመሳሰሉ የባሕር ውስጥ ኬብሎች የሚያርፉባት የቀጠናው የኢንተርኔት በር ናት። ያም ሆኖ በስልክ ዳታ ለሚማር ሰው እያንዳንዱ ጊጋባይት ከኪሱ ይወጣል። ለዚህ መላ አለ። የብሌንደር ተቋም እአአ በ2012 አምስተርዳም ውስጥ ቀርጾ ያወጣው ‘ቲርስ ኦፍ ስቲል’ የተባለው አጭር ፊልም ከነጥሬ ቀረጻው በነጻ ለሕዝብ ተለቅቋል። ቀረጻው በተናጠል ፍሬሞች የተቀመጠ ስለሆነ፣ ተማሪው ሙሉውን ሳያወርድ ለልምምድ የሚበቃውን መቶ ፍሬም ብቻ መምረጥ ይችላል። ምስሉን በቁመትም በወርድም በግማሽ አሳንሶ መለማመድ ደግሞ የመረጃውን መጠን ወደ ሩብ ያወርደዋል።

በበጋው ወራት የከተማዋ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። ላፕቶፕ ሲሞቅ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከባዱን የማስላት ሥራ ለሌሊት ማቆየት የተሻለ ነው። ከተማዋ እአአ ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ ኃይል ብታገኝም፣ የአየር ማቀዝቀዣዎች በሚበዙበት ወቅት መብራት ይቋረጥ ይሆናል ብሎ መዘጋጀት ብልህነት ነው። የመጨረሻውን ውጤት እንደ አንድ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ተናጠል ፍሬሞች ማስቀመጥ ከዚህ አደጋ ያድናል። ከ240ው ፍሬም በ180ኛው ላይ መብራት ቢጠፋ 179ኙ በዲስኩ ላይ አሉ፤ ቪዲዮ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ሊጠፋ ይችል ነበር።

የቋንቋው ጉዳይም አለ። ትምህርቶቹ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ናቸው። የጂቡቲ ተማሪዎች ፈረንሳይኛ ማወቃቸው ተጨማሪ በር ይከፍትላቸዋል። በከተማዋ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ግን የኖዶቹን ስም እንዳለ ይዞ፣ ሐሳቡን በራስ ቋንቋ በማስታወሻ ላይ መጻፍ ከሁሉ የበለጠ ይረዳል። “መርጅ” የሚለውን ቃል መሸምደድ ቀላል ነው። ምን ከምን በላይ እንደሚያርፍ ማወቅ ግን ሌላ ነው።

ከካምፓላ የሚገኝ ትምህርት

ጎረቤት አገሮች ምሳሌ አላቸው። በዩጋንዳ ዋና ከተማ በዋካሊጋ ሠፈር፣ ናብዋና አይዛክ ጂኦፍሪ በአሮጌ ዕቃ ራሱ በገጣጠማቸው ኮምፒውተሮች ‘ሁ ኪልድ ካፕቴን አሌክስ’ የተባለውን ፊልም እአአ በ2010 ሠራ። ሄሊኮፕተሮቹና ፍንዳታዎቹ ሰው ሠራሽ መሆናቸው በግልጽ ይታያል፤ ፊልሙ ግን በኢንተርኔት አማካይነት በዓለም ዙሪያ ተመልካች አገኘ።

በዚያ ታሪክ ውስጥ የሚያሳዝን ክፍልም አለ። ዳይሬክተሩ ቀጣዩን ፊልም ለመሥራት ቦታ ስላልነበረው የመጀመሪያዎቹን ፋይሎች ከዲስኩ አጠፋ። ዛሬ የቀረው ጥራቱ የቀነሰ ቅጂ ብቻ ነው። ለጂቡቲ ተማሪ ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ከአዲስ ካሜራ በፊት ሁለተኛ ዲስክ።

በኢትዮጵያም ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ እአአ በ2015 ያቀረበው ‘ክረምስ’ በሰማይ ላይ የተንሳፈፈ መንኮራኩር የሚታይበት የሳይንስ ልቦለድ ነው። በተዋናይ ዳንኤል ታደሰ የተመራው ይህ ፊልም የዳሎልን መልክዓ ምድር ከዓለም ፍጻሜ በኋላ እንዳለ ምድር አሳይቷል። እንዲህ ያለ ሥራ ለመሥራት ብዙ ኢፌክት አያስፈልግም። በትክክለኛው ቦታ የተቀመጠ አንድ ኢፌክት ሊበቃ ይችላል።

ሥራ ያስገኛል?

ለዚህ ጥያቄ ሐቀኛው መልስ ጥንቃቄ ያለበት ነው። ሪዝም ኤንድ ሂውስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እአአ በ2013 ‘ላይፍ ኦፍ ፓይ’ በኢፌክቱ ኦስካር ሲወስድ፣ እርሱ ቀደም ብሎ በዚያው ወር ኪሣራ አውጆ ነበር። እአአ በ2025 መጀመሪያ ደግሞ እንደ ኤምፒሲና ዘ ሚል ያሉ ስመ ጥር ስቱዲዮዎችን ያቀፈው ቴክኒከለር ፈረሰ። ሙያው ሲከበር እንኳ ንግዱ ይናወጣል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትም በሩን አንኳኩቷል። ኑክ ራሱ እአአ ከ2021 ጀምሮ፣ ባለሙያው በጥቂት ፍሬሞች ላይ የሠራውን አይቶ ቀሪውን የሚቀጥል ኖድ አለው። ሮቶስኮፒንግ ለጀማሪዎች የመጀመሪያ እንጀራ ነበር፤ ወደፊት ግን ይህ በር እየጠበበ እንደሚሄድ መገመት ይቻላል። ማሽኑ በቀላሉ የማይተካው ዓይንን ነው፦ የትኛው ጥላ እንደጎደለ፣ የትኛው ብርሃን እንደዋሸ የሚያውቀውን።

ስለዚህ በጂቡቲ ከተማ ለሚማር ሰው የቅርቡ ገበያ ሆሊዉድ አይደለም። የወደብ፣ የባንክና የቴሌኮም ማስታወቂያ፣ የሠርግ ቪዲዮ፣ የሙዚቃ ክሊፕ፣ ዘጋቢ ፊልም ነው። በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ አንድ የተሳሳተ ምልክት ማጥፋት፣ የነጣን ሰማይ መተካት፣ በግዕዝ ወይም በላቲን ፊደል የተጻፈን ማስታወቂያ ከግድግዳ ጋር አዋሕዶ ማስቀመጥ የዕለት ተዕለት ፍላጎት ነው።

ልምምዱም ከዚያው ከተማ ሊጀመር ይችላል። ስልክን በድጋፍ ላይ አቁሞ፣ በማለዳ ወደ ወደቡ አዙሮ አሥር ሰከንድ መቅረጽ፤ ከዚያ አንድ ክሬን ብቻ ማጥፋት። የመጀመሪያው ሙከራ የክሬኑን ጥላ ውሃው ላይ ይረሳዋል። ሁለተኛው ጥላውን አጥፍቶ የማዕበሉን እንቅስቃሴ ያቆመዋል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሙከራ ላይ ግን ባሕሩ ከ2009 በፊት እንደነበረው ሆኖ ይታይ ይሆናል። ያን ጊዜ ስለ 1977 ፊልም ለመሥራት የተነሳው ዳይሬክተር ቀረጻውን የሚያስጨርስበትን ሰው ለመፈለግ ባሕር መሻገር አይኖርበትም።